አንጋፋ የከተማ ሠራተኞችን ስታከብሩ ሥራቸውን በስሙ ጥሩት

ይድረስ ለከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች፣ ለምክር ቤት አባላት፣ ለሰው ሀብት ክፍሎች፣ እንዲሁም ለእኛ ለነዋሪዎች

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንጋፋ የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ነው። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ ዓመት ስላገለገሉት። ስለ ውሃ መስመር ሠራተኛው፣ ስለ መዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ስለ ቀያሹ፣ ሌሊት መንገድ ስለሚጠርጉት፣ ስለ እሳት አደጋ መኪና ሾፌሩ፣ በር ላይ ስለሚቆመው ጥበቃ። ብዙ ከተሞች እነዚህን ሰዎች በየተወሰነ ጊዜ አዳራሽ ጠርተው ይሸልማሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ይቀጥል። ግን ሸላሚው ሰውየው የሠራውን ሥራ ካላወቀው ሽልማቱ ክብር ሆኖ አይደርስም። ደብዳቤዬን ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

እስቲ የተለመደውን ሥነ ሥርዓት አስቡት። ስም ይጠራል። ሰውየው ይነሣል፣ ይጨብጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ቀጣዩ ይጠራል። ሰርተፍኬቶቹን ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው ከስሙ በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላሉ። የትኛው አስተዋጽኦ? የት ሰፈር? በየትኛው ዘመን? አንድም ቃል የለም። ንግግሩን የሚያሰማው ኃላፊ ወንበሩን ከያዘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላው ይሆናል። ፊቱ የቆመው ሰው ስንት አለቃ ተቀብሎ ስንቱን እንደሸኘ ሊያውቅ አይችልም። አለማወቁ አያስወቅሰውም። ግን መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ይችል ነበር።

ቢጠይቅ ምን እንደሚሰማ ልንገራችሁ።

አንድ የማውቃቸው የውሃ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከመሬት በታች የፈሰሰ ውሃ የሚፈልጉት በጆሯቸው ነው። ረጅም ብረት ይይዛሉ። አንዱን ጫፍ ቫልቩ (የውሃው መክፈቻና መዝጊያ) ላይ ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ሥር ያስጠጋሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። አብሯቸው ያለው ወጣት ትንፋሹን ይውጣል። የፈነዳ ቧንቧ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ አለው። ቀዳዳው ሲጠብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲሰፋ ይወፍራል። ይህን ሥራ የሚወዱት ሌሊት ነው። ሰው ሲተኛ የውሃ ፍጆታ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የመኪና ጫጫታም የለም። እሳቸው «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ካሉ ይቆፈራል። ሌላው ቢሆን መንገዱን ከላይ እስከታች ሲገለብጠው ይውል ነበር።

ደግሞ ቫልቮቹ አሉ። አንዳንድ አሮጌ ቫልቭ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚዘጋው። አብዛኛው ወደ ቀኝ ነው። የቱ ወደ የት እንደሚዞር ካርታው ላይ አልተጻፈም። ያላወቀ ሰው በተለመደው አቅጣጫ ይታገለዋል፣ ዘንጉን ይሰብረዋል፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ይቋረጥበታል። እኚህ ሰው ግን በእጃቸው ያውቁታል። አስፋልት የተነጠፈበትን፣ አጥር የተሠራበትን፣ ከናካቴው ካርታ ላይ የሌለውንም ያውቁታል። ጡረታ ሲወጡ ይህ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ቤት ይገባል። መሥሪያ ቤቱ የሰጣቸው ሰርተፍኬት ላይ ግን ስለ ቫልቭ የተጻፈ ነገር የለም።

መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው። ሰፈር ስሙ ይቀየራል። የቤት ቁጥር እንደ አዲስ ይሰጣል። አንዱ ክፍል ከሌላው ይዋሃዳል፣ ቆይቶ ደግሞ ይለያያል። በእያንዳንዱ ለውጥ ማህደር ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይጓዛል። እዚያ የኖረች ሠራተኛ አሮጌው ቁጥር ዛሬ የቱ እንደሆነ ታውቃለች። የአባትም የአያትም ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች ፋይል እንዳይቀላቀል የምትለይበት የራሷ ዘዴ አላት። አንድ ቤተሰብ የወላጁን ቤት እንዳያጣ ያደረገችው እሷ ልትሆን ትችላለች። የልደት ምዝገባው የጠፋበት ልጅ ትምህርት ቤት የገባው እሷ አቧራ ስትቅም ውላ ስላገኘችለት ሊሆን ይችላል። ባለጉዳዩ አመስግኖ ይሄዳል። የተጻፈ ነገር ግን አይኖርም።

የከተማ ሥራ ይህ ችግር አለበት። ሲበላሽ ሁሉም ያየዋል፣ ሲሠራ ማንም አያየውም። ዝናብ ከመግባቱ በፊት የተጠረገ ቱቦ ዜና አይሆንም። ያልጎረፈ መንገድ ፎቶ አይነሣም። በጊዜ የተቀየረ የኤሌክትሪክ ገመድ ያስቀረውን እሳት የሚቆጥር የለም። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት በደንብ የሠራ ሰው ከኋላው የሚታይ ነገር ላይኖረው ይችላል። እሱን ለማመስገን መፈለግ ያስፈልጋል። ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ባልደረቦቹን መጠየቅ፣ የድሮ የሥራ መዝገብ ማገላበጥ ይጠይቃል። ክብሩም ያለው እዚያ ድካም ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ረጅም አገልግሎት ለከተማ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ለንደንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ላይ የቴምዝ ወንዝ ሽታ የፓርላማ አባላትን እንኳ መቀመጫ ነስቷቸው ነበር። የከተማዋ ፍሳሽ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ኮሌራም በተደጋጋሚ ሕዝቡን ይፈጃል። ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስ የከተማዋ የግንባታ ሥራዎች ቦርድ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው በ1856 ነው። ቦርዱ እስከፈረሰበት እስከ 1889 ድረስ እዚያው ቆየ። 33 ዓመት ማለት ነው። ያሠራው የፍሳሽ መስመር ዛሬም ያገለግላል። ለንደን ውስጥ ኮሌራ ለመጨረሻ ጊዜ ብዙ ሰው የጨረሰው በ1866 ነበር፤ ያውም መስመሩ ገና ሥራ ባልጀመረበት የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል። ባዛልጌት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ቢሆን ኖሮ ሥራው እንዲህ በአንድ እጅ ተይዞ መጠናቀቁን እጠራጠራለሁ። ለእሱ ወንዙ ዳር መታሰቢያ ቆሞለታል። ይገባዋል። ግን ያንን ቱቦ ጡብ በጡብ የገነቡት፣ ከዚያም ዘመናቸውን ሙሉ እየገቡ የጠረጉት ሰዎችስ? ከተማዋ ከበሽታ የዳነችው በእነሱም እጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን የኒውዮርክ ታሪክ ነው። ሚየርል ላደርማን ዩከሊስ የምትባል አርቲስት አለች። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያለ ደመወዝ ከከተማዋ የጽዳት መሥሪያ ቤት ጋር መሥራት ጀመረች። በ1979 እና በ1980 አንድ ነገር አደረገች። የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች በሙሉ፣ 8,500 ያህል ሰዎችን፣ በየሥራ ቦታቸው እየሄደች አንድ በአንድ ጨበጠቻቸው። ለእያንዳንዱም «ኒውዮርክን በሕይወት ስላቆየህ አመሰግናለሁ» አለችው። አዳራሽ አልጠራቻቸውም። ሄደችላቸው። ማለዳ ስም ጥሪ ላይ ተገኘች። መኪናቸውን ተከትላ ሄደች። ቆሻሻ የሚራገፍበት ቦታ ድረስ ዘለቀች። ከተማዋ በዚያ ጊዜ በገንዘብ ችግር ውስጥ ነበረች። ሠራተኛ ተቀንሷል፣ መኪናው አርጅቷል፣ ሕዝቡም ይማረርባቸዋል።

ከሠራተኞቹ አንዱ የነገራትን ስሙልኝ። ነገሩ የሆነው እሷን ከማግኘቱ 17 ዓመት በፊት ነው። ሙቀት ነበር፣ ደክሟቸው ነበር። እሱና ጓደኞቹ አንድ ቤት ደጃፍ ደረጃ ላይ ለአፍታ ዐረፍ አሉ። የቤቱ ባለቤት በሩን ከፍታ «እናንተ የምትሸቱ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች፣ ደጄን እንዳታሸቱት፣ ተነሡ» አለቻቸው። ሰውየው ይህ ነገር 17 ዓመት ሙሉ ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ መኖሩን ነገራት። የእሷ መጨበጥ ያንን እንዳነሣለትም ነገራት።

አንድ ጊዜ የተወረወረ ቃል 17 ዓመት ሰው ውስጥ ከኖረ፣ በየከተማችን በሥራ ላይ ያሉት ስንት እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመው እንደሚውሉ አስቡት። መስኮት ላይ ተሰድበዋል። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ እነሱ ተጮኸባቸዋል። በሥራ ልብሳቸው ምክንያት ሰው ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው መቀመጥ ጠልቷል። ዘመናቸው ሲያበቃ አንድ ሰው ቀርቦ «ይህን ይህን ሠርተሃል፣ አይተናል» ቢላቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላ ከተማ ማንሣት አለብኝ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1968 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል የመኪናው የኋላ ክፍል ውስጥ ገቡ። መጭመቂያው በብልሽት ተነሣና ሁለቱንም ገደላቸው። ከቀናት በኋላ 1,300 ያህል ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። በአደባባይ የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ እነሱን ሊደግፍ ሄዶ ነው እዚያው ሜምፊስ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ (ኤፕሪል) 4 የተገደለው። ይህን የማነሣው ምስጋና የጓንትን፣ የቦት ጫማን፣ የሕክምናን፣ የደመወዝን ቦታ ሊሸፍን እንደማይችል ለማስታወስ ነው። መኪናው ሳይጠገን ዋንጫ መስጠት ሰውን አያከብርም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ።

በቅድሚያ ሥራውን በስሙ ጥሩት። ሰርተፍኬቱ ላይ ከስሙ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «በጎርፉ ዓመት ሦስት ሌሊት የፓምፕ ጣቢያው እንዳይቆም ያደረጉ።» «የተቃጠለውን የመሬት ማህደር ከቅጂ ቅጂ አሰባስበው መልሰው ያደራጁ።» «ስንቱን አዲስ ተቀጣሪ ቀያሽ ያደረጉ።» እንዲህ ያለ ነገር። ይህን ለመጻፍ በጀት አያስፈልግም። የክፍሉ ኃላፊ ግማሽ ቀን ከሰዎች ጋር ቢቀመጥ ይበቃል። የመድረክ አንባቢውም እጅ ከመጨበጡ በፊት ያንብበው። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ይስሙት። ብዙ ልጅ አባቱ ወይም እናቱ መሥሪያ ቤት ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ አያውቅም።

ቀጥሎ፣ ሂዱላቸው። የሌሊት ተረኛ በቀን ስብሰባ አይገኝም። ቢገኝም እንቅልፉን ሰውቶ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጣቢያውን ጥሎ አይመጣም። ከንቲባው ወይም የቢሮ ኃላፊው በሥራ መለዋወጫ ሰዓት ጣቢያው ድረስ ቢመጣ፣ ከነሥራ ልብሱ ቢጨብጠው፣ ያ ቀን አይረሳም። ካሜራ ባይኖር ደግሞ ይሻላል።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው። ሰውየው ከመውጣቱ በፊት የሚያውቀውን ተቀበሉት። አሁን የምናየው ርክክብ የቁልፍ፣ የኮምፒውተርና የማኅተም ርክክብ ነው። ንብረት ክፍል ፈርሞ ይለቀዋል። በጭንቅላቱ ያለውን የሚረከብ ግን የለም። ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው አንድ ወጣት አብሮት ይመደብ። መስመሩን አብረው ይዙሩ፣ ቫልቩን አብረው ይክፈቱ፣ ወጣቱ ይጻፍ፣ ካርታው ይታረም። ይህን የማስተማር ሥራ እንደ ሥራ ቁጠሩት፣ ክፈሉበት። እውቀቱ ተፈልጎ ከተጠየቀ ሰው በላይ የተከበረ ሰው አላየሁም። በተቃራኒው አዲስ ሲስተም በመጣ ቁጥር አንጋፋዎቹ «ኮምፒውተር አይችሉም» ተብለው ጥግ እንዲይዙ ይደረጋል። እስቲ ማን ነው አሮጌው ማህደር ሲገባ የትኛው ቁጥር ልክ እንደሆነ የሚነግረን? ጽሑፉን የሚመታው ወጣት ፈጣን ሊሆን ይችላል። ስህተቱን የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው።

የጡረታ ጉዳይም አለ። አንድ የማውቀው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ማህደር ሲያደራጅ ኖሮ፣ በመጨረሻ የራሱን የቅጥር ደብዳቤ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎቱ በጊዜያዊነት ስለነበር «ማስረጃ አምጣ» ተባለ። ያንን ማስረጃ መያዝ የነበረበት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። እባካችሁ፣ ማንም ሠራተኛ ጡረታ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ ፋይሉ ይፈተሽ፣ የጎደለው ይሟላ፣ የመጨረሻ ደመወዙና የመጀመሪያ የጡረታ ክፍያው መካከል ባዶ ወር እንዳይኖር ይደረግ። ከአዳራሹ ድግስ ይህ ይቀድማል። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ድግሱን ሰርዙት።

በየዓመቱ ውላቸው እየታደሰ ብዙ ዘመን ስለቆዩትም አስቡ። በወረቀት ሁልጊዜ አዲስ ናቸው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው መንገድ የሚጠርጉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። የተሸላሚ ዝርዝር ሲወጣ ቋሚ ስላልሆኑ ይዘለላሉ። መንገዱ ግን ሲጠረግ ቋሚና ጊዜያዊ ብሎ አልለየም። ያገለገሉበት ዘመን ይቆጠርላቸው።

አንዳንዶች «ደመወዝ ይከፈለው የለ፣ ምን ምስጋና ያስፈልጋል?» ይላሉ። ደመወዝ ለሰዓቱ ነው የሚከፈለው። ሌሊት ስልክ ተደውሎለት ሥራ ሰዓቱ ሳይሆን ተነሥቶ የወጣውን ሰው የደመወዝ ሰንጠረዥ አያውቀውም። የደመወዝ ጣሪያ ደርሶ ዓመታት ምንም ጭማሪ ሳያገኝ እንደ ድሮው የሚሠራ ሰው አለ። ሌላው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። «ብዙ ዓመት መቆየት ጥሩ መሥራት ማለት አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ወንበር ይዞ የኖረ፣ ባለጉዳይ ያንገላታ፣ እጁን ለጉቦ የዘረጋም አለ። ለዚህ ነው ዓመት ቆጥሮ ብቻ መሸለም የማይበቃው። ሥራው በዝርዝር ይጻፍ ካልን፣ የሚጻፍ ነገር የሌለው ሰው ራሱ ይለያል። በደንብ የሠራውም ከእሱ ጋር በአንድ መስመር መቆሙ ይቀርለታል። እኩል ሰርተፍኬት የሚያስከፋው ትጉሁን ነው።

ለእኛ ለነዋሪዎችም ቃል አለኝ። ቅሬታ መጻፍ እናውቅበታለን፤ መብታችንም ነው። ምስጋና ግን በቃል ተናግረን እንሄዳለን። የሰው ኃይል ክፍል በቃል የተነገረ ነገር ፋይል ውስጥ አያስገባም። ጉዳያችሁን በሥርዓት የፈጸመላችሁ ሠራተኛ ካለ ስሙን፣ ቀኑንና ያደረገላችሁን ጽፋችሁ ለአለቃው ስጡ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉት፣ ቁጥር ይውጣለት። ያ ወረቀት ማህደሩ ውስጥ ይቀመጣል። እድገት ሲታሰብ ይገለጣል። ጡረታ ሲወጣም ስለ ሥራው የሚጻፈው ነገር ከዚያ ይገኛል። ቧንቧ ሲጠገን ቆማችሁ የምታዩ ከሆነም «እዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት ሆነህ?» ብላችሁ ሠራተኛውን ጠይቁት። የምትሰሙት ያስገርማችኋል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳለፈው ውሳኔ በየዓመቱ ጁን 23 የመንግሥት አገልግሎት ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ማለት ነው። ሥነ ሥርዓት ለማዘጋጀት ቀን የምትፈልጉ ካላችሁ ይኸው ቀን አለ። ግን ዝግጅቱ ሰኔ ላይ አይጀመር። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ የሚወጡትን ስም ያውጣ። ከስማቸው ትይዩ የሠሩት ሥራ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይኑር። መጀመሪያ የሚሞላውም ኃላፊው ሳይሆን አብረዋቸው የሠሩት ይሁኑ። አንድ የክፍል ኃላፊ ያንን ቦታ መሙላት ካቃተው ወደ መስክ ይውረድና ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ይዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የከተማ ነዋሪ